ይቅርታ፣ ሊስትሮውን ሳልጠይቅ ነበር የጻፍኩት

ዛሬ ስለ አንድ የተማሪዎች ፕሮጀክት ሐሳቤን ልሰነዝር ነው ብዕሬን ያነሳሁት። ሐሳቤን ከመሰንዘሬ በፊት ግን ራሴን ማጋለጥ ይኖርብኛል።

ባለፈው ሴሚስተር በዚሁ ቡሌቲን ላይ «የሊስትሮዎችን ኑሮ የሚለውጠው ሳጥን» የሚል ጽሑፍ አውጥቼ ነበር። ያነበባችሁት ታስታውሱት ይሆናል። የዶርም ጓደኞቼ «አሪፍ ነው» አሉኝ። አንድ መምህሬም ኮሪደር ላይ አስቁመውኝ «በርታ» አሉኝ። እኔም ለሁለት ሳምንት ያህል ደረቴን ነፍቼ ስሄድ ሰነበትኩ። ጽሑፉ ውስጥ የሠሪዎቹ፣ የመምህራቸውና የኤግዚቢሽኑ ጎብኚዎች ቃል አለ። ስለ ሊስትሮ ኑሮ የሚያወራው ያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ግን አንድም ሊስትሮ አልተናገረም። ይህንን ያኔ አላስተዋልኩም። እውነቱን ለመናገር አርታኢዎቻችንም አላስተዋሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሃይስኩል ጓደኛዬ የምህንድስና ተማሪ ነው። እነሱ ዘንድ የምርት ዲዛይን የሚሉት ኮርስ አለ። ተማሪዎች አራት አራት ሆነው ይቧደኑና አንድ ችግር መርጠው፣ ለችግሩ የሚሆን ዕቃ ነድፈውና ሠርተው በሴሚስተሩ መጨረሻ ያሳያሉ። የጓደኛዬ ቡድን በግቢያችን በር ላይ ጫማ ለሚጠርጉት ልጆች አዲስ ሳጥን ለመሥራት ወሰነ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ዛሬም ደግ ነው እላለሁ። ዲዛይኑ የተወለደው ግን በአንድ ሌሊት ነው። ከአራቱ አንዱ ዶርም ውስጥ ቁጭ ብሎ ሣለው፤ ሲነጋ ለሌሎቹ አሳያቸው፤ «በቃ ይሄ ነው!» ተባለ። ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ወር ያንኑ ሥዕል ወደ ኮምፔንሳቶና ላሜራ በመለወጥ አለቀ።

ሳጥኑን ያያችሁት ታውቁታላችሁ። አራት ጎማ አለው። ለደንበኛው የሚዘረጋ ወንበር አለው። ለፀሐይና ለዝናብ የሚተከል ጥላ፣ ሦስት መሳቢያ፣ የውሃ መያዣም አለው። ቀለሙ ሰማያዊ ነው፤ ያምራል። በኤግዚቢሽኑ ቀን ሰው ተጋፍቶ ነበር ያየው። ቡድኑ ኤ አገኘ። ሳጥኑም ፎቶ እየተነሣ በር ላይ ለሚሠራ አንድ ልጅ ተበረከተ። እኔ ጽሑፌን ያቆምኩት እዚያ ላይ ነው፤ ልጁ ፈገግ ብሎ ሳጥኑን ሲቀበል።

ከአንድ ወር በኋላ ግድም ጫማዬን ላስጠርግ ወጣሁ። ልጁ እዚያው አለ። የሚሠራው ግን በድሮው ሳጥኑ ነው። ያ ጥግ ጥጉ የተላላጠ፣ በሚስማር የተጠጋገነ የጣውላ ሳጥን! ሰማያዊውን በዓይኔ ስፈልገው ከጥበቃ ቤቱ አጠገብ አየሁት። አንዱ ጥበቃ ተቀምጠውበት ሻይ ይጠጣሉ።

«ምነው? አልወደድከውም እንዴ?» አልኩት።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። «ብራዘር፣ አሪፍ ነው። ግን ደንቦች ሲመጡ እሱን ይዤ የት እሮጣለሁ?»

እግሬን ሳጥኑ ላይ እንደጫንኩ ብዙ አወራን። እኔ ስጠይቅ እሱ ሲመልስ አንድ ጫማ ለመጥረግ ከሚፈጀው ጊዜ ሦስት እጥፍ ሳይወስድብን አልቀረም። አዲሱ ሳጥን ባዶውን አሥራ አንድ ኪሎ ይመዝናል። የእሱ ሥራ ደግሞ አንድ ቦታ ተቀምጦ መጠበቅ ብቻ አይደለም፤ ጠዋት በር ላይ ይሠራል፣ ከምሳ በኋላ ከካፌ ካፌ እየዞረ ጫማ ይፈልጋል። ጎማው ለዚህ ይረዳዋል ብለን ነበር፤ የእግረኛ መንገዱ ግን ጉድጓድና ድንጋይ ነው፤ ጎማው አይንከባለልም። ብሩሹን ጠበቅ አድርጎ ሲፈትግ ደግሞ ሳጥኑ ከነደንበኛው እግር ወደ ኋላ ይሸሻል። ሰው እግሩን የሚጭንበት ዕቃ ጎማ ላይ መቆም እንደሌለበት ከእኛ ከተማርነው ይልቅ እሱ ያውቃል።

እኔን በጣም ያስገረመኝ ግን የጥላውና የወንበሩ ነገር ነው። «ጥላ ከተከልክ፣ ወንበር ከዘረጋህ፣ ቦታ ያዝክ ትባላለህ» አለኝ። ሳጥን አንጠልጥሎ የሚዞር ልጅ መንገደኛ ነው፤ ጥላ የተከለ ግን መንገድ ዘግቶ የሚነግድ ሆኖ ይቆጠራል። እኛ ምቾት ብለን የጨመርንለት ነገር ለእሱ አደጋ ሆኖ ተገኘ። ማታ ማታ ደግሞ ከአምስት ልጆች ጋር ተከራይቶ በሚያድርበት ቤት ሰማያዊው ሳጥን የአንድ ሰው መኝታ ይወስዳል።

«ይሄን ሁሉ ለነሱ ነግረሃቸዋል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለ።

ምን አለፋችሁ፣ ጫማዬ ጠራ፤ ፊቴ ግን ጠቆረ። እነሱ አልጠየቁትም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። እነሱ የዲዛይን ተማሪ ናቸው፣ ዕቃውን የሚያሳምር ነገር ላይ ቢያተኩሩ አይፈረድባቸውም። እኔ ግን የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ። የመጀመሪያ ዓመት የመጀመሪያ ኮርሳችን ላይ «ነገሩ የሚመለከተውን ሰው አነጋግሩ» ተብለን የለም እንዴ?

እንዲህ ዓይነት ስሕተት የሚሠራው የካምፓስ ልጅ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትጽናኑ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ «ፕሌይፓምፕ» የሚባል የውሃ መሳቢያ ተሠርቶ ነበር። ልጆች እየተሽከረከሩ የሚጫወቱበት ክብ መጫወቻ ነው፤ እነሱ ሲያዞሩት ውሃ ከጉድጓድ ተስቦ ማማ ላይ ወዳለ ታንከር ይወጣል። የታንከሩ ጎኖች ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ገቢው ለጥገና ይሆናል ተብሎ ታሰበ። ልጅ ሲጫወት እናት ውሃ ታገኛለች፤ ይህን የመሰለ ሐሳብ ማን ይጠላል? አሜሪካዊቷ ጋዜጠኛ ኤሚ ኮስቴሎ እ.ኤ.አ. በ2005 ፍሮንትላይን ለተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ስለ ፓምፑ ተስፋ ሰጪ ዘገባ ሠራች። በዓመቱ፣ በ2006፣ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ትልቅ የለጋሾች ጉባዔ ላይ 16.4 ሚሊዮን ዶላር ቃል ተገባለት። እስከ 2010 ድረስም 4,000 ያህል ፓምፕ እንዲተከል ታቀደ።

ታድያ ምን ሆነ? ኮስቴሎ ተመልሳ ሄደች። ሞዛምቢክ ውስጥ ባሉ መንደሮች ፓምፖቹ ተሰብረው ጥገና ሲጠብቁ አገኘች። ልጆች ሁልጊዜ አይጫወቱም፤ ትምህርት አለ፣ ይደክማቸዋል፣ ይሰለቻሉ። ያኔ ከባዱን ክብ ነገር የሚገፉት ውሃ የጠማቸው እናቶች ሆኑ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ቀድሞ የነበረው የእጅ ፓምፕ ተነቅሎ ነበር የተተከለው፤ ስለዚህ ወደ ኋላ መመለሻ እንኳ የላቸውም። ይህንን ሁሉ በ2010 በሌላ ዘገባ አቀረበችው። የመጀመሪያ ዘገባዋን ያስተባበለባት ሌላ ጋዜጠኛ አልነበረም፤ ራሷ ናት። እኔ ይህችን ሴት ከፓምፑም ከዶላሩም በላይ አደንቃታለሁ። እኔም በአቅሜ፣ ከሞዛምቢክ ሳይሆን ከግቢያችን በር ተመልሼ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ልጁ የነገረኝን ለጓደኛዬ ነገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ። «ሊስትሮ ስለ ዲዛይን ምን ያውቃል?» አለኝ። እኔም መልሼ «አንተስ ስለ ሊስትሮ ምን ታውቃለህ?» አልኩት። ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ መጣና «ና እንሂድ» አለኝ። ከአራቱ ሁለቱ ብቻ ናቸው የቀጠሉት፤ እሱና አንዲት የቡድኑ ልጅ። ኮርሱ አልቋል፤ ማርኩ ተሰጥቷል፤ የሚያስገድዳቸው ሰው አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ያየሁት ነው ይህንን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። ልጅቷ ከላይብረሪ አንድ ዘዴ አግኝታ መጣች። ስቱዋርት ፒው የተባለ እንግሊዛዊ የዲዛይን መምህር ያስፋፋው የማወዳደሪያ ሠንጠረዥ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ በኩል መመዘኛዎቹን ትጽፋላችሁ፤ በሌላው በኩል ሐሳቦቹን። ከዚያ አንድ መነሻ ትመርጡና እያንዳንዱን ሐሳብ ከመነሻው ጋር ታነጻጽራላችሁ፤ ከበለጠ የመደመር ምልክት፣ ካነሰ የመቀነስ፣ እኩል ከሆነ «እኩል» ነው። እነሱ መነሻ ያደረጉት የልጁን የድሮ ሳጥን ነው። መመዘኛዎቹን ደግሞ ያወጡት በር ላይ ከሚሠሩት አምስት ልጆች ጋር ተቀምጠው ነው፤ ክብደት፣ ይዞ ለመሮጥ መመቸት፣ አለመነቃነቅ፣ ማታ የሚወስደው ቦታ፣ ሳንቲም መደበቂያ፣ ዋጋ።

ኤ ያገኘው ሰማያዊ ሳጥን በዚያ ሠንጠረዥ ላይ ከሳንቲም መደበቂያው በቀር በሁሉም መመዘኛ የመቀነስ ምልክት አገኘ። ሳንቲም መደበቂያው ላይ እንኳ «እኩል» ነው። ሦስት ወር ሙሉ ከድሮው የባሰ ዕቃ ሲሠሩ መክረማቸውን ያዩት ያን ዕለት ነው። ያ ሠንጠረዥ የሚሞላው በአንድ ከሰዓት ነው፤ በኮርሱ ሁለተኛ ሳምንት ላይ ቢሞላ ኖሮ ስንት ላሜራ በዳነ!

ከዚያ በኋላ ላሜራና ብየዳ የሚባል ነገር አልነኩም። ከሱቅ የተጣለ ካርቶን ለቅመው በፕላስተር እያጣበቁ ሦስት የተለያዩ ሳጥኖች ሠሩ። ካርቶን ጫማ አይሸከምም፤ ግን ልጁ ያንጠለጥለዋል፣ ያቅፈዋል፣ ይዞት ይሮጣል። «እስቲ ሩጥበት» ሲሉት ሲሮጥ፣ አንደኛው ሳጥን ጉልበቱን እየመታ አስቸገረው። ይህ ወረቀት ላይ በተሣለ ሥዕል አይታይም። የኪስ ኮምፒውተር የነበረውን ፓልም ፓይለትን የፈጠረው ጄፍ ሃውኪንስ፣ ዕቃው እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት በመጠኑ ልክ የተቆረጠ እንጨት በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር ይባላል። ቀጠሮ ሲሰጠው እንጨቱን አውጥቶ የሚጽፍበት ይመስል ነበር። ሰው ሲያየው እብድ ሳይለው አይቀርም። እሱ ግን ኪስ ውስጥ ይመቻል ወይ፣ በቀን ስንቴ ያስፈልገኛል የሚለውን ያለ አንዳች ወጪ አወቀ። የኛዎቹ ካርቶንም ሥራው ያው ነው።

«እንግዲያው ተጠቃሚው ያለውን ሁሉ መሥራት ነዋ!» የሚል ሊኖር ይችላል። አይደለም። ልጁ ሳጥኑ ላይ ራዲዮ እንዲገጠምለት ጠይቋል። ሌላው የሞባይል ቻርጀር ብሏል። ሁሉም ቢጨመር ሰማያዊው ሳጥን ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥያቄ «ለምን?» እያሉ ጠየቁ። ከመሳቢያው ጥያቄ በስተጀርባ ያገኙት ነገር ግሩም ነው። ልጆቹ መሳቢያ የወደዱት ዕቃቸውን ለመደርደር አልነበረም፤ ከበድ ከበድ ያሉ ጎረምሶች ሳንቲማቸውን ስለሚነጥቋቸው መደበቂያ ፈልገው ነው። መሳቢያ ደግሞ በሩጫ ላይ ይከፈታል። መሳቢያው ቀረና የሳጥኑ ወለል ድርብ ሆነ፤ ከሥሩ ሳንቲም የምትገባበት ስስ ክፍተት ተተወች። (የት በኩል እንደምትከፈት አልጽፍም፤ ይህ ቡሌቲን በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።)

የአሁኑ ሳጥን ጥላ የለውም፣ ወንበር የለውም፣ ጎማ የለውም። ትከሻ ላይ የሚውል ማንገቻ አለው። እግር መጫኛው ዘቅዘቅ ብሎ ተረከዝ የሚይዝ ማቆሚያ አለው፤ ላዩ ላይ እንደ በረባሶ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ስለተለጠፈበት ጫማ አያንሸራትትም። በጎኑ የውሃ ፕላስቲክ የሚሰካበት ቀዳዳ አለው። ከድሮው በግማሽ ኪሎ ይከብዳል፤ ልጁም ይህንን ሳይናገር አላለፈም። ገና ይቀነሳል ብለዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ! ስታዩት የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ኤግዚቢሽን ላይ ቢቀርብ አንዳችሁም አትጋፉለትም። ልጁ ግን ይሠራበታል።

እንግዲህ የኔ አስተያየት እዚህ ላይ ነው። ኤ ያገኘው ጥበቃው ሻይ የሚጠጡበት ሳጥን ነው። ልጁ አንግቶት የሚሮጠው ሳጥን ምንም ማርክ የለውም። ይህ የሁለት ተማሪዎች ዕድል አይደለም፤ ማርክ አሰጣጣችን የወለደው ነው። ማርኩ ያለው ለመጨረሻው ዕቃና ለመጨረሻው ሪፖርት ከሆነ ተማሪ ምን ያደርጋል? የመጀመሪያውን ሐሳብ ሙጥኝ ብሎ ይይዝና ያሳምረዋል። ሐሳቡን ቢጥል ጊዜ ከሰረ፤ ማርክ አላገኘም። «ተሳስቼ ነበር» ብሎ ደብተሩ ላይ ቢጽፍ ማን ያይለታል? የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እያልን ተተርተን ያደግን ልጆች የቸኮለ የሚሸለምበት ኮርስ ውስጥ ገብተናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ቢታሰብበት እላለሁ። አንደኛ፣ ከማርኩ ጥሩ ድርሻ ያለው ክፍል ለንድፍ ደብተሩ ይሁን። ስንት ሐሳብ ተሣለ? የትኛው ተጣለ? ለምን ተጣለ? የተጣለው ሐሳብም ማርክ ይኑረው። ሁለተኛ፣ ምንም ነገር በብረትና በእንጨት ከመሠራቱ በፊት በካርቶን ተሠርቶ በሚጠቀምበት ሰው እጅ ይግባ። ሦስተኛ፣ በመጨረሻው ቀን ከመምህራኑ ጋር ያ ተጠቃሚ ይቀመጥ። ሊስትሮው ኤግዚቢሽኑ ላይ ስጦታ ለመቀበል ብቻ መጠራቱ ያሳፍራል።

መምህራን የሚሉኝን አውቃለሁ። ከመካከላቸው አንዱን አነጋግሬአቸው ነበር። «ሴሚስተሩ አጭር ነው፤ ተማሪው ብዙ ነው፤ የሁሉንም ረቂቅ ደብተር ማን ያርማል?» አሉኝ። እውነት አላቸው። ሸክሙ የእነሱ ነው። ነገር ግን ረቂቁ ሁሉ ይታረም አላልኩም፤ ተማሪዎች እርስ በርስ ቢተያዩና መምህሩ በሴሚስተሩ አጋማሽ አንድ ጊዜ ቢያዩት እንኳ ትልቅ ለውጥ ነው። ጊዜ ያጥራል ለሚለውም፣ ሁለተኛው ሳጥን ከካርቶን እስከ ጣውላ የፈጀው አምስት ሳምንት መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ያውም ከሌላ ትምህርት ጎን ለጎን።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ክፍል። የምህንድስና ልጆችን ስተች የሰማችሁኝ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች፣ አትሳቁ! እኛስ ምን እናደርጋለን? አሳይመንት ሲሰጠን የመጀመሪያውን መግቢያ እንጽፋለን፤ እንወደዋለን፤ ከዚያ የምናነጋግረው ሰው ሁሉ ያንን መግቢያ እንዲያጸናልን ነው የምንጠይቀው። የኔ «ኑሮ የሚለውጠው ሳጥን» የምትለው ርዕስ የተጻፈችው ኤግዚቢሽኑን ከማየቴ በፊት ነበር። አዎ፣ በፊት! ጓደኛዬ ዶርም ውስጥ ሲያወራኝ ደብተሬ ጥግ ላይ ጫርኳት። ከዚያ በኋላ ያነጋገርኩት ሁሉ ለእርሷ ነው የሠራው። ይህ ከዚያች የአንድ ሌሊት ሥዕል በምን ይለያል? በእኛም ክፍል የሚታረመው የመጨረሻው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ የጣልነው መግቢያና ያልተጠቀምንበት ቃለ መጠይቅ የት እንደደረሰ የሚጠይቀን የለም። ቢያንስ የዚህ ቡሌቲን ጸሐፊዎች ጽሑፍ ስናስገባ «ነገሩ በቀጥታ የሚመለከተውን ማንን አነጋገርክ?» የሚል አንድ ጥያቄ ከጽሑፉ ጋር ተያይዞ ቢመለስ ምናለ? እኔ ከዛሬ ጀምሬአለሁ።

ደግሞም ልጁን አነጋግሬዋለሁ። ይህንን ጽሑፍ ከማስገባቴ በፊት በር ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩለት። የሩጫው ቦታ ላይ ሳቀ። ሲያልቅ «ሁሉም ልክ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ረሳህ» አለኝ።

«ምን?»

«ያን ዕለት ስታወራኝ ሁለት ደንበኛ አመለጠኝ።»

ከፍዬዋለሁ። እናንተም ጫማችሁ አቧራ ከያዘ ብቅ በሉና አዲሱን ሳጥን እዩት፤ ጉድለቱንም ለእነዚያ ለሁለቱ ልጆች ንገሯቸው፤ ገና እያሻሻሉት ነው። እኔም በሚቀጥለው ሴሚስተር ተመልሼ ሄጄ ያየሁትን፣ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ እዚሁ ላይ እጽፋለሁ።

ቸር ይግጠመን!